ስለ እንጦጦው ሩጫ እውነቱን ልንገርሽ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

እሑድ ማታ ስትደውዪ "ጨርሻለሁ" ብዬሽ ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት። በጣም ደስ ብሎሽ ነበር። ሌላውን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሆዴን ሲበላኝ ሰነበተና ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ዋሽቼሻለሁ። ነሐሴ ላይ "ልምምዱ እንዴት ነው አባዬ?" ስትዪኝ "ጥሩ ነው" አልኩሽ። መስከረምም ላይ እንደዚያው። ያኔ ግን ገና አንድ ቀን እንኳ አልሮጥኩም ነበር። በእጅሽ ከጻፍሽልኝ የ12 ሳምንት ፕሮግራም የሠራሁት አራቱን ሳምንት ብቻ ነው፤ እሱንም ጥቅምት ላይ፣ ቀኑ ሲደርስብኝ።

ምክንያት ልደረድርልሽ አልፈልግም። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነቃለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሰማለሁ። "ነገ" እልና ብርድ ልብሱን እስባለሁ። ክረምቱ ሲወጣ በዓሉ መጣ፤ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ መስቀል። ወረቀቱ ወጥ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ሁሌም ያየኛል። ከላዩ ላይ የለተሰንበት ግደይን ሰዓት ጽፈሽበት ነበር፤ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። "በ2014 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ ይህን ስትሮጥ ለእሷም የመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኗ ነበር አባዬ" ያልሽኝን አልረሳሁም። እኔ ከዚያ ሰዓት ጋር ጉዳይ የለኝም። አንቺ ግን ያንን ስትጽፊ እምነት ጥለሽብኝ ነበር። ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ከሩጫው በፊት በሮጥኩት ረጅሙ ልምምድ 11 ኪሎ ሜትር ነው የሄድኩት። ግማሽ ማራቶን ደግሞ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ቅዳሜ ማታ "ልተወው ይሆን?" ብዬ እናትሽን ጠየቅኳት። "ሂድና የቻልከውን ሂድ፤ ካቃተህ ትመለሳለህ" አለችኝ። ጠዋት በሶ በማር ለውሳ ሦስት ጭብጦ በላስቲክ ቋጥራ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

ሽሮ ሜዳ በታክሲ ደርሼ ወደ ላይ ወጣሁ። ሩጫው የተጀመረው 1 ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጫካው ውስጥ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ትንፋሼ አጠረ። ኮተቤ ነው የምኖረው፣ ከፍታውን ለምጄዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አፋፉ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምትስቢው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አንቺ እዚህ ስትመጪ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማሻል። ስለዚህ ዳገት ዳገቱን በእግሬ ሄድኩ፤ ሜዳ ሜዳውን ሮጥኩ። ብዙ ሰው አለፈኝ። ግድ አልነበረኝም።

መንገዱ እንደ አስፋልት አይደለም። ጥላ ያለበት ቦታ ጭቃው ገና አልደረቀም። የባሕር ዛፉ ሥር ቅጠል ስር ተደብቆ ይጠብቅሻል። ፍሬው ደግሞ ድቡልቡል ስለሆነ እግር ስር ይንከባለላል። እኔ ያደረግኩት ያንን የድሮውን የአስፋልት ጫማ ነው። ሶሉ አልቋል። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ሁለተኛው ላይ መዳፌ ተላጠ። አንድ ልጅ እግር ሯጭ ቆሞ አነሳኝና "አይዞህ ፋዘር" ብሎኝ ሄደ።

እስከ 13ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ደህና ነበርኩ። የከበደኝ ቁልቁለቱ ነው። ሁሉም ሰው ዳገት ነው የሚፈራው። ዳገት ትንፋሽ ይወስድብሻል፤ ቆም ስትዪ ግን ይመለሳል። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻሽ ሰውነትሽን እንደ ፍሬን ይይዛል። እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፤ ያልለመደ ጡንቻ እዚያ ላይ ይጎዳል፣ የተጎዳው ደግሞ ቆም ስላልሽ አይመለስም። ፕሮግራሙ ላይ "ቁልቁለት ልምምድ" ብለሽ ሁለቴ ያሰመርሽበት 7ኛው ሳምንት ላይ ነበር። እኔ 7ኛው ሳምንት ላይ አልደረስኩም።

ጭኔ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ዛፍ ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ የቅጠል ኮሽታ የሰማሁት። እንጨት የተሸከሙ እናት ናቸው። ሸክሙ ከእሳቸው ይበልጣል፤ ወገባቸውን አጉብጦት ፊታቸው ወደ መሬት ነው። ኮንጎ ጫማ አድርገዋል። መንገድ ልለቅላቸው ስል እሳቸው ቆሙልኝ።

"ወንድሜ፣ እግርህን አትገትረው" አሉኝ። "ጉልበትህን ለቀቅ አድርገው። እርምጃህን አሳጥረህ ጎን ጎኑን ውረድ።"

ከዚያ ቀድመውኝ ወረዱ። እግራቸውን እያየሁ ተከተልኳቸው። ትንሽ ትንሽ እርምጃ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። አንድ ድንጋይ እንኳ ከስራቸው አልተንከባለለም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አረማመዳቸውን ልብ ብዬ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። መንገዳችን ሲለያይ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አልኳቸው። ከጭብጦዬ አንዱን ሰጠኋቸው። "በርታ" ብለውኝ ወደ ታች ቀጠሉ። እኔ ያን ቀን ወርጄ ቤቴ ልገባ ነው። እሳቸው ነገም ይወጣሉ። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

16ኛው ላይ ሌላው ችግር መጣ። ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ዓይኔ ብዥ አለ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ረጅሙ ልምምድ ለዚህ ነበር የሚጠቅመው። የቀሩትን ሁለት ጭብጦ በውሃ በላሁ። አሥር ደቂቃ ያህል በእግሬ ሄድኩ። ቀስ እያለ ተመለሰልኝ። በሶ ስልሽ ቀላል አድርገሽ አትዪው።

የቀረውን ብዙ አላስታውሰውም። በ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ገባሁ። እናትሽ ነጠላዋን አጣፍታ መግቢያው ላይ ቆማ ነበር። ምንም አላለችኝም፤ ነጠላውን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

ሰኞ ከታክሲ ስወርድ በሩን በሁለት እጄ ይዤ ነው። ማክሰኞ ባሰብኝ። ዛሬ ደህና ነኝ። የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል፤ ቁልቁለት ላይ ጫማው ጫፍ ጋ ሲመታ ነው። አንቺ ስትሮጪ ጥፍርሽን ቀድመሽ ቁረጪ፤ ጫማሽም ፊት ለፊቱ ትንሽ ሰፋ ይበል።

በመጨረሴ ደስ ብሎኛል፤ ይህን አልደብቅሽም። ካላዘጋጀኸው ገላ ጋር ጫካ መግባት ግን ልክ አልነበረም። አንድ ቦታ ወድቄ ብቀር እናትሽ ምን ትሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። አንቺ ደግሞ "አባዬ ተዘጋጅቷል" ብለሽ ተኝተሽ ነበር። ይቅር በዪኝ ልጄ።

ሜዳሊያውን ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ይህን አንብበሽ ስትደውዪልኝ እሰቅለዋለሁ።

ገና ስትመጪ የሩጫ ጫማሽን ያዢ። እስከዚያ ጭቃው ጨርሶ ይደርቃል። ያ ቁልቁለት ያለበትን መንገድ አሳይሻለሁ፤ በእግራችን፣ ቀስ ብለን። ወረቀትሽ አሁንም ወጥ ቤት በር ላይ አለ። እግሬ ሲድን ከ5ኛው ሳምንት እቀጥላለሁ። ከእንግዲህ በየቀኑ ምልክት የምታደርግበት እናትሽ ናት፤ እስክሪብቶውን ሰጥቻታለሁ። ልምምዱ እንዴት እንደሆነ ስትፈልጊ እሷን ጠይቂያት።

የሚወድሽ
አባትሽ