ቦርከናን ከደብተር ውጭም ያሳዩአቸው

ለአዘጋጁ፦ ስለ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የዓመቱ ትምህርት ነው የምጽፈው። ልጄ እዚህ ደሴ 3ኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የአካባቢ ሳይንስ ደብተሯን ገለጥኩት። «ወንዝ ማለት…» የሚለውን ማስታወሻ ከሰሌዳ አሳምራ ገልብጣለች፤ ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበታል። የከተማችን ወንዝ ቦርከና ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቃት ግን ዝም አለች። በየቀኑ እኮ ድልድዩን ተሻግራ ነው የምትማረው!

መምህሯን አልወቅስም፤ ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው። ግን ልጅ በዓይኑ ያየውን አይረሳም። ቦርከና መስከረም ላይ ደፍርሶ ይወርዳል፣ በጋ ላይ ይሳሳል፤ ይህን ቆሞ ያየና በደብተሩ የሣለ ልጅ ስለ ወቅቶች፣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ጦሳ ተራራ ላይ ዛፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይሸመድድ ይገባዋል። ወጪም የለውም፣ በእግር ነው። ታሪክ ለማሳየትም የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ ክፍል በመስከረም፣ በጥርና በግንቦት ግማሽ ግማሽ ቀን ይውጣ። ሁለት ሁለት ወላጅ በተራ ያጅብ። ልጆቹ የሣሉትን ደግሞ ሰኔ ላይ ካርድ ስንቀበል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንየው። ለመስከረሙ ተራ እኔ ዝግጁ ነኝ።

አንድ ወላጅ፣ ከደሴ