ምላሽ ያልሰጠው ማን ነው? ለጤና ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አምስተኛው ደብዳቤዬ ነው። የፊተኞቹን አራቱን ራሴ አምጥቼ ለመዝገብ ቤትዎ አስረክቤአለሁ፤ የገቢ ቁጥራቸውም በማስታወሻዬ ላይ አለ። ሦስቱ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። ለአራተኛው ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ሁለት መስመር ተኩል። «ሕፃኑ ለተሰጠው የኬሞቴራፒ ሕክምና አጥጋቢ ምላሽ ባለመስጠቱ በሽታው ያገረሸ በመሆኑ፣ በመሥሪያ ቤታችን በኩል የተፈጠረ ክፍተት አለመኖሩን እናሳውቃለን» ይላል። ከሥሩ ፊርማ፣ በፊርማው ላይ ደግሞ ክብ ማኅተም በደማቁ ተመትቶበታል። ማኅተሙን ሳየው ሳቄ መጣ። ለምን እንደሳቅሁ እደርስበታለሁ።

ሕፃን ያላችሁት የእህቴ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ሕመምተኛ ነው፤ መንዝ ተወልዶ መንዝ ያደገ፣ በግ ሲቆጥር የማይሳሳት ልጅ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን «ምላሽ ባለመስጠቱ» የምትለው ሐረግዎ እንቅልፍ ስለነሳችኝ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ የሚያክሙትን ሐኪሞችም እስኪሰለቹኝ ድረስ ጠየቅኋቸው።

ለኬሞ የማይበገር የደም ካንሰር መኖሩን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባለው የቦስተን ሐኪም አሚኖፕተሪን በተባለ መድኃኒት የሕፃናት ሉኪሚያ ሲያፈገፍግ ማየቱን ለዓለም ባሳወቀ ጊዜ እንኳ ደስታው የወራት ነበር፤ በሽታው ተመልሶ መጣ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ የካንሰር ሕዋስ በግድግዳው ላይ እንደ ፓምፕ የሚሠራ ፕሮቲን ስላለው ቪንክሪስቲንና ዳውኖሩቢሲን የተባሉትን የኬሞ መድኃኒቶች ገና እንደገቡ ወደ ውጭ ይተፋቸዋል። ኬሞ በአብዛኛው የሚገድለው በመባዛት ላይ ያለውን ሕዋስ ነው፤ መቅኔ ውስጥ አድፍጦ የተኛው ያመልጠዋል። በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ወደ አንጎልና ወደ ወንድ ልጅ የዘር ፍሬ በሚገባ አይዘልቅም፤ በሽታው እዚያ ተሸሽጎ ሊከርም ይችላል። ልጃችን ጀርባውን አጉብጦ በአከርካሪው መርፌ ሲወጋ የኖረውም ለዚሁ ነበር። ቲፒ53 የተባለው ዘረመል የተበላሸበት ሕዋስ ደግሞ መድኃኒቱ እየጎዳውም ቢሆን አልሞትም ይላል።

አንዱን ግን ለብቻው ላንሳው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች በደም ካንሰር ሕሙማን ሕዋስ ውስጥ ከወትሮው ያጠረ ክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ ክር) አዩ። በ1973 ጃኔት ሮውሊ የተባለች ሐኪም የዘጠነኛውና የሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ አሳየች። ይህ ክሮሞዞም የተገኘበት አጣዳፊ የሊምፍ ሉኪሚያ (በፍጥነት የሚብስ የደም ካንሰር) በኬሞ ብቻ ሲታከም ብዙዎቹን ይገድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ይኸው ክሮሞዞም ላለበት፣ ቀስ ብሎ ለሚብስ የደም ካንሰር ዓይነት የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት፣ ኋላ ለእነዚህም ከኬሞው ጋር ሲጨመርላቸው ነገሩ ተሻሻለ። ትናንት ለሕክምና አይመልስም ተብሎ የተጻፈበት ሰው ዛሬ ይመልሳል ማለት ነው፤ ያው ሰው፣ ያው ደም።

እንግዲህ ልጠይቅዎ። የእኛ ልጅ ከእነዚህ በየትኛው ነው ምላሽ ያልሰጠው? በፓምፑ ነው? በክሮሞዞሙ ነው? የክሮሞዞም ምርመራውን ውጤት አይተው ከሆነ ለእኛም ይላኩልን፤ እኛ አላየነውም፤ ምክንያቱም አልተመረመረም። ሲታዘዝለት ማሠሪያ ገንዘብ አልነበረንም። እርስዎ ታዲያ የትኛውን ወረቀት አይተው ፈረሙ?

እኔ ያየሁትን ወረቀት ልንገርዎ። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ቪንክሪስቲን ተወጋ፣ አስፓራጂኔዝ ተሰጠው፣ በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን ዋጠ። ፀጉሩ ረገፈ፤ ጉንጩ እንደ ቂጣ ተነፍቶ ዓይኑ ጠበበ፤ ሌሊት እየተነሳ ምግብ ይጠይቅ ነበር። በወሩ ማብቂያ መቅኔው ተቀድቶ ሲታይ የካንሰር ሕዋስ አልተገኘበትም። ሐኪሙ በሰማያዊ ስክሪፕቶ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ቀኑም አለው። ምላሽ ሰጥቷል ክቡር ኃላፊ! ያውም በአንድ ወሩ። እርስዎ አራት ወር ፈጅቶብዎታል።

በማይክሮስኮፕ ጠፋ ማለት ጨርሶ ነቀለ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአሥር ሺህ ሕዋስ መካከል አንዷን የካንሰር ሕዋስ ፈልጋ የምታገኝ ምርመራ አለች፤ እኛ ዘንድ ስላልተደረገች ምን ያህል እንደቀረበት አላወቅንም። ለዚህ ነው ሕክምናው ከሁለት ዓመት በላይ የሚቀጥለው፤ መርካፕቶፑሪን የተባለው ክኒን ሁልጊዜ ማታ ማታ፣ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ። የተረፈው ቀና እንዳይል ያለማቋረጥ መርገጥ ነው።

አሁን ወደ ማኅተሙ ልምጣ። ባለፈው ኅዳር የልጁ የሪፈር ወረቀት ጊዜው አለፈ። ወረቀቱ ካልታደሰ የጤና መድኑ መድኃኒቱን አይሸፍንም፤ ይህን መመሪያ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እህቴ ልጁን ይዛ ሌሊት ተነሥታ፣ ጣርማበርን በጉም ውስጥ አቋርጣ ደብረ ብርሃን ገባች። እኔም አብሬ ነበርሁ። ከመናኸሪያው በእግር ሄደን በሁለት ሰዓት ከበሩ ላይ ቆምን። «ማኅተሙ እሳቸው ጋር ነው፤ እሳቸው ሥልጠና ላይ ናቸው» ተባልን። ጸሐፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ መሳቢያውን በጣቷ አሳየችን። ቢጫ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ማኅተሙ ከእኛ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሥልጠናው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ስለ ተገልጋይ እርካታ ነው አሉኝ። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም።

በሳምንቱ ተመለስን፤ ሥልጠናው ተራዝሟል። በሌላው ሳምንት መጥተው ነበር፤ ስብሰባ ገብተዋል። እህቴ ባዶውን የክኒን ብልቃጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ ነበር፤ ምናልባት ቢያዩት ያዝናሉ ብላ ይሆናል። ልጁ ከቋጠሮው አውጥቶ ጆሮው ሥር ይዞ ነቀነቀው። «ጋሼ፣ አንዲትም የለችም» አለኝ። ደብረ ብርሃን ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ ዞርኩ፤ ማንም የለውም። ሁለት በግ ተሽጦ በሰው በሰው ከአዲስ አበባ የአሥር ቀን ክኒን ተገዛ። ማኅተሙ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ተመታ። አሥሩን ስንቀንስ፣ ልጁ 23 ሌሊት ያለ መድኃኒት አደረ።

በየካቲት አፍንጫው ይደማ ጀመር። ቅልጥሙ ላይ ሳይመታ በለዘ።

በአሜሪካ በዚሁ በሽታ በሚታከሙ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከታዘዘላቸው መርካፕቶፑሪን ከመቶ 95 እጁን እንኳ ያልዋጡት በሽታው ይበልጥ እንደሚያገረሽባቸው አሳይቷል። ከመቶ ሌሊት አምስት ሌሊት ማለት ነው የሚፈቀደው። የእኛ ልጅ ከዚያ በፊት አንዲት ሌሊት አጉድሎ አያውቅም፤ እናቱ በግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመረች ትቆጥር ነበር፤ ግድግዳው አሁንም አለ፤ መጥተው ማየት ይችላሉ። 23ቱን ያጎደለው መሳቢያው ነው።

በሽታው ያገረሸው በእነዚያ 23 ሌሊቶች ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም። ምናልባት ክሮሞዞሙ ነው፤ ምናልባት ሁሉም ቀን ቢዋጥም ይመለስ ነበር። የሚያክሙት ሐኪምም በቅንነት «አናውቅም» አሉኝ። እርስዎ ግን አወቁ። ክፍተት የለም ብለው በማኅተም ማሉ፤ ያውም በዚያው ማኅተም። ሳቄ የመጣው ለዚህ ነው።

የሚከፋኝ ሌላም ነገር አለ። የጻፉት መልስ ለእህቴ ተነቦላታል። ማንበብ ስለማትችል እኔው ነበርሁ ያነበብኩላት፤ ምነው ባላነበብሁ። «ምላሽ አልሰጠም» ስላት የተረዳችው ልጁ ጥፋት እንዳለበት ነው። «ምን በድሎ?» አለችኝ። የሰጡትን ሁሉ ውጧል፣ በወጉት ቁጥር ጥርሱን ነክሷል፣ ታዲያ ምን ይመልስላቸው ኖሯል? እርስዎ እንዲያስረዷት አንድ ቀን ይዣት እመጣለሁ፤ ሥልጠና ከሌለ።

ስለ ሕጉ አላስተምርዎትም። ባለ ማኅተም ከቢሮ ሲወጣ ማኅተሙን በውክልና አስረክቦ መሄድ እንዳለበት ያውቃሉ። የሁለት ዓመት ሕክምና ላለው ልጅ በየጥቂት ወሩ የሚያልፍ ወረቀት መስጠት ምን ማለት እንደሆነም የሚገባዎት ይመስለኛል። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ወረቀቱ እስከ ሕክምናው ፍጻሜ ይጽና፤ ልመናዬ ይኸው ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

ልጁ አሁን እንደገና ሕክምና ጀምሯል። የዚህኛው ኬሞ ይበረታል፤ ተስፋው ከፊተኛው ይጠባል፤ ይህንንም ነግረውናል። ፀጉሩ ዳግመኛ ረግፏል። አዲሱ የሪፈር ወረቀት የሚያልፈው በመጪው ወር በ17ኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን ጠዋት በሁለት ሰዓት ከበርዎ ላይ እንቆማለን። የመሳቢያው ቁልፍ ያን ዕለት ማን ጋር እንደሚሆን ከወዲሁ ያሳውቁን።

የልጁ አጎት
ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ