የዘር ሐረጋችን ውስጥ ማን ይግባ?

ጎተንበርግ፣ ስዊድን

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እማዬስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ግን ገና አልለቀቀንም።

በስልክ የጀመርነውን የዘር ሐረግ ነገር በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው። ጋሼ አጠገብሽ ስለነበሩ እንደ ልብ አላወራንም። "የሥጋ ዘመድ ያልሆነ አይግባ" ሲሉ ሰምቻለሁ። አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ምክንያቴን ልንገርሽና አንቺ ቀስ ብለሽ አስረጃቸው።

ጋሼ ሰባት ቤት ድረስ ሳይደናቀፉ ይቆጥራሉ። ያኮራል። ግን የሚቆጥሩት የአባትን አባት ብቻ ነው። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያልሽ ሰባተኛው ቤት ስትደርሺ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ብቻ 128 ሰው አለ። በጋሼ ቆጠራ ከነሱ ስሙ የሚነሳው አንድ ነው። እናቶቹ የሉም። ስለዚህ ከማንም በፊት ሴቶቹ ይግቡ። የእኛ አገር ስም ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ሴቶቻችን ሲያገቡ ስማቸው አይቀየርም፤ የእማዬን ሙሉ ስም ያየ ሰው አባቷንና አያቷን ወዲያው ያገኛል። የአያታችን እናት ማን ይባሉ ነበር? ከእማዬ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ሳናውቃት የሞተችው እህታችንም ትግባ። እማዬ ክርስትናዋ በኅዳር ጽዮን እንደነበር ስታወራ ትዝ ይለኛል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ወደ ኋላ ስትቆጥሪ እንቁጣጣሽ ግድም ተወልዳለች ማለት ነው። ዓመቱን እማዬን ጠይቂልኝ፤ ሆድ እንዳይብሳት ግን ቀን መርጠሽ።

አሁን ወደ ትንሹ አጎታችን ልምጣ። አያታችን ከመንዝ መጥተው ወንጂ ሲቀጠሩ፣ የቅርብ ጓደኛቸው ከከምባታ የመጡ ሸንኮራ ቆራጭ ነበሩ። የሆላንዶቹ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሰው ከየአቅጣጫው ነው የተሰበሰበው። ጓደኛቸው ሲሞቱ ልጁን አያታችን በጉዲፈቻ ወሰዱት። ታዲያ አዳማ ተወልደን፣ አዳማ አድገን፣ "ደሙ ሌላ ነው" እንዴት እንላለን? በኦሮሞ ባህል የጉዲፈቻ ልጅ ከአብራክ ልጅ አይለይም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም እንደ አሳዳጊው ልጅ ነው የሚቆጥረው። ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለውንም ዝምድና አይቆርጥበትም።

የምጠቀምበት ፕሮግራም ግራምፕስ ይባላል፤ ነፃ ነው። ለአንድ ልጅ ሁለት ቤተሰብ መመዝገብ ይፈቅዳል። በአንዱ በመወለድ፣ በሌላው በጉዲፈቻ ብዬ አስገባዋለሁ። የወለዱትም ያሳደጉትም ይጻፋሉ። ለልጆቹም ይጠቅማል፤ ነገ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር በሁለቱም በኩል መቆጠር አለበት።

ሞግዚታችንስ? አንቺንም እኔንም አዝላ ያሳደገች፣ ከእማዬ እኩል የለፋችብን ሰው ናት። በሥጋ ስለማንዛመድ ከልጆቹ ተርታ አላስገባትም፤ ሐሰት ይሆናል። የቤት ሰው ብዬ ግን ለብቻዋ እመዘግባታለሁ። እዚህ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1686 የወጣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቄሶች የምእመናንን መዝገብ እንዲይዙ አዝዞ ነበር። የሚጻፈው በየቤቱ ነበር። ሠራተኛዋም ሎሌውም ከቤቱ ሰው ጋር ይሰፍሩ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ያንን መዝገብ ከፍተው ያገኟቸዋል። የእኛዋን እኛ ካልጻፍናት ማን ይጽፋታል?

የከበደኝ የድሬዳዋዋ ጉዳይ ነው። ነፍሱን ይማርና አባዬ ባቡር ላይ ሲሠራ የወለዳት ልጅ። እህታችን ናት፤ ይህን ማንም አይፍቀው። ጋሼ "የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም" ይላሉ። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እሷ በሕይወት ያለች ሰው ናት። ባሏ ያውቅ ይሆን? ልጆቿስ በአያትነት የሚያውቁት ሌላ ሰው ቢሆንስ? ስለሞተ ሰው እኛ ተመካክረን ልንወስን እንችላለን። ስለ እሷ የምትወስነው እሷ ብቻ ናት። እምቢ ካለች አልጽፋትም፤ ምክንያቷንም አልጠይቃትም። እሺ ካለች ደግሞ ከእኔና ካንቺ እኩል፣ ከአባዬ ስር ትገባለች። ጋሼ ቢቆጡም ትገባለች። እማዬ ግን አስቀድማ ከአንቺ አፍ ትስማ፤ ከጎረቤት እንዳትሰማው።

ጋሼን አንድ ነገር አረጋጊልኝ። የምጽፈው ሁሉ ያለው እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አይደለም። ለዘመድ ስልክም በሕይወት ያሉትን ሰዎች ትቼ የቀረውን ብቻ መላክ እችላለሁ።

እንግዲህ ከአንቺ የምፈልገው የአያታችንን እናት ስም፣ የሟቿን እህታችንን ዓመትና የሞግዚታችንን የአባት ስም ነው። የድሬዳዋዋን ስልክ ካገኘሽ መጀመሪያ አንቺ ደውዪላት፤ ከዚያ እኔ እደውላለሁ። ለትንሹ አጎታችን ደግሞ ከሁለቱም አባቶቹ ስር እንደምጽፈው ዛሬውኑ ንገሪው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለጋሼ አክብሮቴን አድርሺ።

ታናሽ ወንድምሽ