ፎቁ በዛ፣ ሊፍቱ ግን ያው ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ካናዳ፣ ቶሮንቶ አጠገብ ባለችው ሚሲሳጋ ከተማ ስኖር አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስመጣ ከሩቅ ዓይን የሚስቡት ሁለቱ ጠማማ ፎቆች ነበሩ፤ ሰው በወገባቸው የተነሳ በአሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይ ስም “ማሪሊን ሞንሮ” የሚላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያልቁ አንዱ 56፣ ሌላው 50 ወለል ነበር። ዛሬ በሌሎች ፎቆች መሃል ፈልጎ ማግኘት ነው።

ከፎቅ ጋር ጠብ የለኝም። ስኩዌር ዋን ገበያ ማዕከልን የከበበው የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ነበር። እዚያ ላይ ቤት ቢሠራ ማን ይጠላል? ቅር የሚለኝ የሚሠራው ቤት ዓይነት ነው። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አሁንም ስቱዲዮ። ሦስት ልጅ ያለው የት ይግባ?

ባለፈው ጥር ሕንፃችን ሁለት ሊፍት ተበላሽቶበት፣ በአንድ እጄ የልጅ ጋሪ፣ በሌላው ወተት ይዤ 25 ደቂቃ ቆምኩ። 31ኛ ፎቅ በእግር አይወጣ ነገር!

ትንሽ ራቅ ሲሉ ደግሞ ሣር የከበባቸው ባለ አንድና ሁለት ወለል ቤቶች ተዘርግተዋል። መካከለኛ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። አራት አምስት ወለል ያላቸው፣ በደረጃ የሚወጡ ቤቶች በየሰፈሩ ቢሠሩ ሁላችንም ደመና ላይ ባልተሰቀልን።

ይህንኑ ለከተማው ምክር ቤት ሄጄ ልናገር አስቤያለሁ። ሊፍቱ ከሠራ።

የሚሲሳጋ ነዋሪ