የፎቶግራፍ ክበብ፦ ካሜራና ኮምፒውተር ስናስታርቅ የከረምንበት ዓመት

«የፎቶ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ? ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ ከረመ» የምትለዋ ቀልድ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ወጥታ ጆሮዬ ደርሳለች። አልተቀየምኩም። ግማሿ እውነት ነው። ይህን ዘገባ የምጽፈው ስለ ቀረው ግማሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክበባችን ያለው ካሜራ አንድ ነው። አባላቱ ደግሞ ከሠላሳ በላይ ናቸው። የካሜራው የጀርባ ስክሪን ሦስት ኢንች ብቻ ነው። ሦስት ልጆች ተደራርበው ካዩት አራተኛው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። በዚህ ሁኔታ ስለ ፎከስና ስለ ብርሃን ላስተምር ብል ማን ይሰማኛል? ስለዚህ ወደ ቴዘሪንግ ገባን። ካሜራው በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ሹተሩ በተጫነ ቁጥር ፎቶው ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። ፕሮጀክተር ሲጨመርበት ክፍሉ በሙሉ ያያል። ፎከሱ ያረፈው ዓይኑ ላይ ነው ወይስ ጆሮው ላይ? ክርክሩ ይጦፋል። እኔ ከዚያ ክርክር የተሻለ የፎቶ ትምህርት አላውቅም። የስቱዲዮ ባለሙያዎች ደንበኛ አጠገባቸው አስቀምጠው የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው። «ጨዋታ ነው» የምትሉ ይህን ልብ በሉልኝ።

የተለመደውን ሥራ በአጭሩ ልለፈው። ኮሚቴ ተመረጠ። ሳምንታዊ ስብሰባው ከፈተና ሰሞን በስተቀር አልተቋረጠም። የስፖርት ቀኑን፣ የወላጆች ቀኑንና የተመራቂዎችን ጉርድ ፎቶ ያነሳነው እኛ ነን። እዚህ መጽሔት ውስጥ ያሉት ፎቶዎችም አብዛኞቹ የልጆቻችን ናቸው። ሥራችን የሚታወሰው ፎቶ ሲፈለግ ብቻ መሆኑን ግን ሳልናገር አላልፍም።

አሁን ወደ ገመዱ። ሰው ቴዘሪንግ ሲሰማ ሰክቶ መጀመር ብቻ ይመስለዋል። እኛም ዓመቱን የጀመርነው «ካሜራ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው ካሜራው ነበር። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ። ጥፋተኛው ገመዱ ሆኖ ተገኘ። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጡ አራት ሽቦ አለው። ሁለቱ ኃይል ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ዳታ። ከትንንሽ ስፒከርና ከመሳሰሉት ዕቃዎች ጋር የሚመጡ ርካሽ ገመዶች አንዳንዶቹ የዳታ ሽቦዎቹ ጭራሹን የሏቸውም። ልካቸው ይገጥማል፣ ስፒከሩን ይሞላሉ፣ ፎቶ ግን ከየት ይምጣ? ገመዱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ዳታ እንደሚያስተላልፍ የታወቀ ሌላ ገመድ ሰክቶ ማወዳደር ነው።

ርዝመቱም ሌላ ጣጣ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ እስከ 5 ሜትር ድረስ ነው የሚታመነው። ዩኤስቢ 3 ደግሞ በተግባር ከ3 ሜትር ገደማ በላይ ሲሆን ማስቸገር ይጀምራል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ማራዘሚያ በማራዘሚያ ቀጥለው ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጉት። ካሜራው አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ (አንዱን መሰኪያ ወደ ብዙ የሚከፍል ዕቃ) በመሃል ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ካሜራውን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ዴስክቶፕ ከሆነም ከኋላ ያሉት መሰኪያዎች ላይ ስንሰካ ግንኙነቱ ረጋ። የፊቶቹ መሰኪያዎች ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ ጋር የሚገናኙት በውስጥ ሽቦ ነው፤ የኋላዎቹ ግን ቦርዱ ላይ ያሉ ናቸው። ይህን በቃል ብነግራቸው ኖሮ በማግሥቱ ይረሱት ነበር። ራሳቸው ስላገኙት አሁን ለአዲስ አባል የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

የካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለው ነገር ለብቻው አንድ ሴሚስተር ይበላል። አንዳንድ ካሜራዎች ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ፍላሽ ዲስክ ያቀርባሉ። እንደዚያ ሲሆኑ ያሉትን ፎቶዎች መቅዳት ይቻላል፣ በኮምፒውተር ማዘዝ ግን አይቻልም። ፒቲፒ ወደሚባለው፣ ካሜራና ኮምፒውተር ወደሚነጋገሩበት ስልት መቀየር አለባቸው። በሶኒ ካሜራዎች ላይ «ፒሲ ሪሞት» የሚባል ምርጫ አለ። አንዳንድ የካኖን ሞዴሎች ዋይፋያቸው ከተከፈተ የዩኤስቢ ግንኙነታቸው ይዘጋል። ከዚያ ደግሞ ራሱን በራሱ የሚያጠፋው ታይመር አለ። መምህሩ ሲያብራራ ካሜራው እንቅልፉን ይለጥጣል፤ ልጆቹ «ገመዱ ተበላሸ» ብለው ይነሳሉ። ካሜራው ተኝቷል እንጂ ምንም አልሆነም። ሹተሩን በግማሽ መጫን ወይም አጥፍቶ ማብራት ይቀሰቅሰዋል።

ፍጥነትም አከራክሮናል። ካሜራችን 18 ሜጋፒክስል ነው። አንድ የሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ፣ ወደ 24 ሜጋባይት ይሆናል። ተጨምቆ የሚቀመጠው ጄፔጉ 6 ወይም 7 ቢሆን ነው። በዩኤስቢ 2.0 ሮው በተከታታይ ሲተኮስ ወረፋ ይፈጠራል። ልጆቹ ራሳቸው መላ ዘየዱ። ሮው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ይቀራል፣ ትንሽ ጄፔግ ብቻ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ሁሉም ሶፍትዌር ይህን አይፈቅድም። የሚፈቅደውን ፈልገው ያገኙትም እነሱ ናቸው።

የዓመቱ ትልቁ ነገር ግን በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ አረጋውያን መኖሪያው ያደረግነው ጉዞ ነው። ዓላማው ቀላል ነበር። ለእያንዳንዳቸው ጥሩ ጉርድ ፎቶ አንስተን አሳትመን መስጠት። ብዙዎቹ ዓይናቸው ደክሟል። የካሜራውን ትንሽ ስክሪን ቢያሳዩአቸው አይታያቸውም። ስለዚህ ላፕቶፕ ያስፈልገን ነበር። የላቡ ኮምፒውተሮች ዴስክቶፕ ስለሆኑ አይንቀሳቀሱም። ከአንድ የትምህርት ክፍል በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ለመንን። ሰጡን፤ እግዜር ይስጥልን።

ደረስን። ወንበር ተደረደረ፣ መብራት ተስተካከለ። እናቶችና አባቶች ነጠላቸውንና ካፖርታቸውን አስተካክለው ተራ ያዙ። ሶፍትዌሩ ተከፈተ። ካሜራውን አልይዝም አለ። ገመዱ የተፈተነ ነው። ሴቲንጉም ትክክል ነው። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተረባረቡ። አንዱ ገመድ ይነቅላል፣ አንዱ ሜኑ ይነካካል፣ አንዱ «ሪስታርት አድርጉት» ይላል። አዛውንቶቹ ዝም ብለው ያዩናል። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ይኼኔ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ መጣች። ስሟን ብጽፈው አትወድም። ዓመቱን ሙሉ ጥግ ይዛ ማስታወሻ የምትጽፍ ልጅ ናት። በስብሰባ ላይ ድምጿን ሰምተን አናውቅም። «እጃችሁን አንሱ እስቲ» አለች። ሁሉም እጁን አነሳ፣ እኔም ጭምር። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደነበሩት እናት ዞር ብላ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች። «ኧረ ምን ቸኮልኩ ልጄ» አሏት።

ደብተሯን ገለጠች። ካሁን ቀደም ያጋጠመን ብልሽት ሁሉ በተራ ተጽፎበታል። ምን ታየ፣ ምን ተቀየረ፣ ከተቀየረ በኋላ ምን ሆነ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየረች ሄደች። በሌላ መሰኪያ ሞከረች። ያው ነው። ካሜራውን አጥፍታ አበራች። ያው ነው። ከዚያ ጣቷን የላፕቶፑ ስክሪን ላይ ካለች አንዲት ምልክት ላይ አሳረፈች። «ይቺ ካሁን በፊት አልነበረችም» አለች። የካሜራዋ ምልክት ናት። ኮምፒውተሩ ገመዱ ሲሰካ ፎቶ ሊቀዳ መስሎት ካሜራውን በራሱ ከፍቶ ይዞታል። ካሜራውን ደግሞ በአንድ ጊዜ ማዘዝ የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ቀድሞ የደረሰው ሲይዘው የእኛ ሶፍትዌር ውጭ ቀረ። ምልክቷን አስወጣቻት። ሶፍትዌሩን ዘግታ ከፈተች። ካሜራው መጣ። ማክ ላይ ፎቶ የሚያስገባው ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ ላይም በጀርባ የተከፈተ ሌላ የካሜራ ሶፍትዌር እንዲሁ እንደሚያደርጉ ኋላ አንብበን አረጋገጥን።

በዚህ አላበቃም። የኮምፒውተሩ የሹተር ቁልፍ ሲጫን ካሜራው ዝም አለ። ልጆቹ እንደገና ወደ ገመዱ ሊሮጡ ሲሉ አስቆመቻቸው። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ስለነበር ሌንሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ፎከስ አጥቶ ነበር። አውቶፎከስ ላይ ያለ ካሜራ ፎከስ ካላገኘ ብዙውን ጊዜ አይተኩስም። ከውጭ ሲታይ ግን ግንኙነቱ የተቋረጠ ይመስላል። ሌንሱን ወደ ማኑዋል ቀይራ ላይቭ ቪውውን፣ ማለትም ካሜራው የሚያየውን በቀጥታ የሚያሳየውን ምስል፣ በስክሪኑ ላይ አጉልታ በእጇ አስተካከለች። ቀጭ አለ።

የእናትየዋ ፊት ላፕቶፑን ሞልቶ ወጣ። አንድ ልጅ ስክሪኑን አንስቶ አቀረበላቸው። ጠጋ ብለው አዩት። ደግመው አዩት። «ይቺማ እናቴ ናት» አሉ። መጀመሪያ የተሳሳቱ መስሎን ነበር። «አይደለም፤ እኔ መሆኔንማ አውቃለሁ። እናቴን መምሰሌን ነው ያላወቅኩት» አሉን። የእናታቸው ፎቶ ኖሯቸው አያውቅም። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ፊቷን ወደ ኪቦርዱ መለሰችና የፋይሉን ስም ስትጽፍ ቆየች። የፋይል ስም ያን ያህል እንደማይረዝም ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። ወረፋው እስኪያልቅ ግንኙነቱ አልተቋረጠም። አንድ አባት «ይህቺን ጥርሴን አጥፉልኝ» ብለው አስቀውናል። ፎቶዎቹ ታትመው ደርሰዋል። የልጅቷ ደብተር አሁን በአንድ ገጽ ተጠቃሎ ላቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሌላ ክበብ ልጆች እንኳን ፕሪንተር እምቢ ሲላቸው መጥተው ያነቡታል። ያው መላ ነውና ይሠራላቸዋል።

ያልሆነልንም አለ። የክልል ውድድር አላሰብንም፤ የትምህርት ቤቶች የፎቶ ውድድርም በፈተና ሰሞን ስለወደቀ አመለጠን። ጥቂት አባላት ተራ መጠበቅ ሰልችቷቸው ወጡ፤ አልፈርድባቸውም። ከሁሉ የከፋው የመሰኪያው ጉዳይ ነው። ላብ ውስጥ አንድ ልጅ በገመዱ ተጠልፎ ካሜራውን ከነትራይፖዱ ጎተተው። ካሜራው ተረፈ፣ የዩኤስቢ መሰኪያው ግን ላላ። መሰኪያው ከውስጥ ቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በሙጫ የሚድን ነገር አይደለም። አሁን ፎቶ የሚተላለፈው አንድ ተማሪ ገመዱን በጣቱ ደግፎ ከያዘ ነው። ገመዱን ከትራይፖዱ እግር ጋር ጠምዝዞ ማሰር ጉተታው ካሜራው ላይ እንዳይደርስ ያደርጋል። አሁን ሁሌም እናስራለን። የጥገና ጥያቄያችን ግን ከገባ ቆይቷል። ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት እንደ ካሜራችን እንቅልፍ ከወሰደው ሹተሩን በግማሽ የሚጫንለት ሰው እንፈልጋለን።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። አንደኛው የመሰኪያው ጥገና ነው። ሁለተኛው በባትሪው ቦታ ገብቶ ካሜራውን ከሶኬት የሚያበራ አዳፕተር ነው። ላይቭ ቪው ባትሪ ይጨርሳል፤ ባትሪው ሲደክም ግንኙነቱ መሃል ላይ ይቆረጣል፣ ክፍለ ጊዜውም አብሮ። ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው ወላጅ ካለ በደስታ እንቀበላለን። አዲስ መሆን የለበትም። ሶፍትዌር አያሳስባችሁ። ለሊኑክስ ኢንታንግልና ዳርክቴብል፣ ለዊንዶውስ ደግሞ ዲጂካምኮንትሮል በነፃ ይገኛሉ።

ገመድ መስጠት ለምትፈልጉ፣ የካሜራችን መሰኪያ ሚኒ ዩኤስቢ ነው። ከ5 ሜትር የማይበልጥ፣ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን። ከመስጠታችሁ በፊት ለእኔ ወይም ለኮሚቴው ብታሳዩን ሞክረን እንነግራችኋለን። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ግን ይብቃን፤ አንድ ካርቶን ሙሉ አለን።