ወይኑን ያወጣ ሎሚውን ያስገባ፦ ስለ ፎንዱ አሠራር ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ አስተያየት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በምግብ ዐምዳችሁ ላይ፣ እንግዳ ለሚጠራ ሰው ይሆናል ተብሎ የቀረበውን የስዊዘርላንድ የቺዝ ፎንዱ (በነጭ ወይን ቀልጦ ከድስቱ ዳቦ እየተጠቀሰበት የሚበላ ቺዝ) አሠራር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዘመድ ወዳጅ በሚጠራራበት በዚህ ወቅት ከተለመደው ወጣ ያለ ማዕድ ለአንባቢ ለማስተዋወቅ መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ምክር ሰፍሯል፤ አልኮል የማይቀምስ እንግዳ ካለ በነጩ ወይን ፈንታ በዚያው መጠን ወተት ይጨመር የሚል ነው። ምክሩ የተሰጠው በቅን ልቦና እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እርሱን ተከትሎ የሚሠራ ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ቺዝ እንግዶቹ ፊት ሊያበላሽ ስለሚችል ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። የምኖረው በስዊዘርላንድ በፍሪቡር ካንቶን፣ ስሟን ለፎንዱ ለሚውለው ለግሩዬር ቺዝ ከሰጠችው ከግሩዬር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ እዚህ ፎንዱ በክረምት ከቤት የማይጠፋ ምግብ በመሆኑ ሰው ሁሉ ስለ አሠራሩ የሚለው አያጣም።

ወይኑ በፎንዱ ውስጥ ያለው ሥራ ጣዕም መስጠት ብቻ አይደለም። ቺዝ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን በካልሲየም እየተያያዘ የሠራው መረብ ሲሆን፣ ስቡና ውሃው በዚያ መረብ ውስጥ ታስረው ይቀመጣሉ። ቺዙ ብቻውን ሲሞቅ ስቡ ቀልጦ ይወጣል፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ተኮማትሮ ጎማ የመሰለ ጓል ይሆናል፤ ብዙ ሰው ፎንዱ ተበላሸብኝ የሚለው ይህ ሲሆን ነው። በነጭ ወይን ውስጥ ያለው አሲድ፣ በተለይም ታርታሪክ የሚባለው፣ ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ ላይ ስለሚወስደው ኬዚኑ ይላላል፣ በፈሳሹም ውስጥ ተበትኖ የቀለጠውን የስብ ጠብታ ዙሪያውን ስለሚሸፍነው ስቡ ተጠራቅሞ ከላይ አይንሳፈፍም። የሎሚ አሲድ ይህንኑ ሥራ ከወይኑ በተሻለ ኃይል ይሠራዋል። ወተት ግን ራሱ ካልሲየም የተሸከመ፣ አሲዱም ከቁጥር የማይገባ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ወይኑን አውጥቶ ወተት የሚያስገባ ሰው የሚረዳውን አስወግዶ የሚያስቸግረውን ጨመረ ማለት ነው።

ወተት የሚገባበት የቀለጠ ቺዝ የለም ወይ የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አለ፤ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በአኦስታ ሸለቆና በፒየሞንቴ፣ ፎንዱታ የሚባለው ምግብ ፎንቲና የተባለውን ቺዝ ለሰዓታት ወተት ውስጥ በመዘፍዘፍ ይሠራል። ነገር ግን እዚያ ስቡንና ፕሮቲኑን አስማምቶ የሚይዘው የእንቁላል አስኳል ነው። ያለ አስኳሉ፣ በግሩዬር ቺዝ፣ ወተቱን ብቻ መዋስ የትም አያደርስም።

እንግዲህ ወይን የማይፈልግ ሰው ምን ያድርግ? በመጠን እናስላው። ለአራት ሰው የሚሆን ፎንዱ 800 ግራም ቺዝና 350 ሚሊ ሊትር ያህል ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ፣ ነጭ ወይን ይፈልጋል። በዚያ ወይን ውስጥ ያለው አሲድ 2 ግራም ገደማ ነው። የሎሚ ጭማቂ ደግሞ በአማካይ ከመቶ 5 እጅ ያህል አሲድ ስላለው፣ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ የወይኑን ጉድለት ይሞላል። ፈሳሹ ስኳር ያልተጨመረበት የፖም ጭማቂ ከሆነ ጭማቂው የራሱ አሲድ ስላለው ሁለት ማንኪያ ሎሚ ይበቃዋል፤ ውሃ ወይም ጨው ያልበዛበት የአትክልት መረቅ ከሆነ ሦስቱን ያስገቡ። ሎሚው የእኛው ትንሹ ሎሚ ቢሆን ምንም ችግር የለውም። ይህንን ማድረግ የስዊዞቹን ባህል ማፍረስ መስሎ የሚታየው ካለ፣ እዚሁ ፍሪቡር ውስጥ ቫሽራን ፍሪቡርዧ ከሚባለው ለስላሳ ቺዝ ብቻ የሚሠራው ፎንዱ ከጥንት ጀምሮ ወይን ሳይነካው በጥቂት ውሃ እንደሚቀልጥ ልንገረው። እርሱ ግን ከመሞቅ አልፎ እንዲፈላ ፈጽሞ አይፈቀድለትም፤ ጣትን ከማያቃጥል ሙቀት ብዙም ሳያልፍ ይቀልጣል።

ጽሑፋችሁ ስለ ቺዙ ዓይነት ማንኛውም የሚገኝ ይሆናል ብሎ ማለፉም መታረም አለበት። በዚህ አገር በብዛት የሚሠራው ግማሹ ግሩዬር፣ ግማሹ ቫሽራን የሆነው ነው፤ በኖሻቴል አካባቢ ደግሞ ግሩዬርና ኤመንታል ይቀላቀላሉ። ግሩዬር ለገበያ የሚቀርበው ቢያንስ 5 ወር ካደረ በኋላ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ረጃጅሙ ፕሮቲን እየተቆራረጠ ስለሚሄድ ሲቀልጥ ልስልስ ይላል። ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ ግን የረጋው ወተት በሙቅ ውሃ እየተሳበ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ለፒሳ ይመቹ እንጂ በፎንዱ ድስት ውስጥ ክር እየጎተቱ ይቆላለፋሉ። ቤት ያለው የቆየ ጎዳ ከሆነ ከእነርሱ በጣም ይሻላል። የአገራችንን አይብማ ለዚህ ሥራ ባናስበው ይመረጣል፤ አይብ በአሲድና በሙቀት የረጋ፣ ካልሲየሙም ስቡም አስቀድሞ የወጣለት ስለሆነ እሳት ላይ ቢውል ቢያድር አይቀልጥም፣ ፍርፍር እንዳለ ይቀራል። ጥፋት ሆኖበት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው፤ ክትፎ አጠገብ ቦታው የታወቀ ነው።

አሠራሩን በተመለከተ ጽሑፉ በአብዛኛው ትክክል ስለነበር ብዙ አልጨምርም። ድስቱ ከባድ፣ ከሸክላ ወይም ኤናሜል ከተቀባ ብረት የተሠራ ይሁን፤ በውስጡ አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ይታሽበት፤ የተፈገፈገው ቺዝ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ከተነሰነሰበት በኋላ በሞቀው ፈሳሽ ላይ በእፍኝ በእፍኝ ይጨመር፤ በመጨረሻ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ገውዝ ይግባበት። የምጨምረው ስለ እሳቱ ነው። ሽሮ በተንተከተከ ቁጥር የሚጥመውን ያህል ፎንዱ በተንተከተከ ቁጥር ይጎዳል፤ ከዳር ዳሩ አንዳንድ አረፋ ብቅ ማለት ከጀመረ እሳቱ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ ፕሮቲኑን ማኮማተር ነው። ማማሰሉም በክብ ብቻ ሳይሆን ድስቱን እያቋረጠ፣ መሐሉም እንዳይያዝ፣ መሆን አለበት። ስቡ ተለይቶ ቢወጣ እንኳ ጽሑፋችሁ እንዳለው ወደ መጣል አይኬድም፤ እሳቱን ቀንሶ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች በአንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ በጥብጦ መጨመርና በእንቁላል መምቻ አጥብቆ መምታት አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል። ወፍሮ ከሆነ የሚያቀጥነው ፈሳሽ ሞቅ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ሲገባበት ይጓጉላል። በነገራችን ላይ፣ በብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው የሦስት ማዕዘን ቺዝም የተወለደው ከዚሁ ዕውቀት ነው፤ ዋልተር ገርበርና ፍሪትስ ሽቴትለር የተባሉ ስዊዞች እ.ኤ.አ. በ1911 ቱን በምትባል ከተማ የሎሚ አሲድን ጨው ከቺዝ ጋር አቅልጠው ሠሩት።

ከዚህ የሚከብደው ለእንግዳ መታመን ነው። ጽሑፉ ወይኑ በእሳት ስለሚተን አልኮሉ አይቀርም የሚል መንፈስ አለው። በብዙ ቤት የሚነገር ቢሆንም እንዲህ ዓይነቱ ዋስትና ሊሰጥ አይገባም። ፎንዱ በዝግታ፣ ሳይፈላ፣ ለጥቂት ደቂቃ የሚሠራ በመሆኑ ከአልኮሉ የተወሰነው ይቀራል፤ ኪርሽ የሚባለው የቼሪ አረቄ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሚጨመር አብዛኛው እዚያው አለ። በሃይማኖቱ ምክንያት፣ በሕክምና ምክንያት ወይም መጠጥ በመተዉ ምክንያት የማይቀምስ ሰው ቤቴ ቢመጣ፣ ተኗል ብሎ ማቅረብ እርሱ ያልፈቀደውን መወሰን ነው። ለሙስሊም እንግዳ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ግሩዬር የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ነው። ይህን የሚቀበሉም የማይቀበሉም ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ከእንስሳ ባልተገኘ ማርጊያ የተሠራ ቺዝ ማሸጊያው ላይ ተጽፎበት በየገበያው ይገኛል። ለኦርቶዶክሳውያን ደግሞ የጾሙ ነገር አለ። እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ከስዊዝ ጎረቤቶቻችን የፎንዱ ጥሪ የሚበዛብን በታኅሣሥ፣ ልክ በነቢያት ጾም ላይ ነው፤ በብርዱ ወራት ያለው የፍስክ ጊዜ ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም፣ ያውም ረቡዕን፣ ዓርብንና ነነዌን ቀንሶ፣ ብቻ ስለሆነ እኛ የምንጠራው በዚያች አጭር ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው ለሚጠራም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንድ የፎንዱ ድስት ከአራት እስከ ስድስት ሰው ነው የሚያስተናግደው፤ አሥራ ሁለት ሰው የጠራ ሰው አንድ ትልቅ ድስት ከመፈለግ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ድስት ከጎረቤት ቢዋስ ይሻለዋል፣ ምክንያቱም በትልቁ ድስት ውስጥ መሐሉ ሳይሞቅ ዳሩ ያርራል፣ ሰውም እጁ አይደርስም። ዳቦው ያደረ፣ እያንዳንዱም ቁራጭ ቅርፊት ያለው ይሁን፤ ሹካው ከለስላሳው ገብቶ ቅርፊቱ ላይ ካልተያዘ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሹካውም ለመጥቀሻ እንጂ አፍ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው ደግሞ ከድስቱ ሥር የሚቀመጠውን ትንሽ ምድጃ ነው። በስፒሪት አልኮል የሚነድ ከሆነ እሳቱ በቀን ብርሃን የማይታይ ሊሆን ይችላል፤ ጠፋ ብሎ ሰው ከጠርሙስ ሲጨምርበት ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ተመልሶ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡትን ያቃጥላል። የሚሞላው ከጠፋና ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከገበታው ርቆ ነው። ሕፃናት ባሉበት በጄል የሚነደውን መምረጥ ይሻላል፤ የገበታውም ጨርቅ ወደ ታች የተንጠለጠለ አይሁን።

ፎንዱ የድሃ እረኞች ጥንታዊ ምግብ ነው የሚለውንም በአጭሩ ልንካው። ያደረ ቺዝ ለእረኛው የሚበላ ሳይሆን የሚሸጥ ሀብት ነበር። ቺዝን በወይን ስለማብሰል ከሚታወቁት የቆዩ ጽሑፎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1699 የተጻፈ የዙሪክ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ዙሪክ ደግሞ የከተማ ሰዎች አገር ናት። የመላው አገር ምግብ ተደርጎ የተሰበከው እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1999 የቺዝን ገበያ ይቆጣጠር በነበረው የስዊዘርላንድ የቺዝ ማኅበር ነው፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተረፈ ቺዝ ለመሸጥ ሲል ብዙ ደክሞበታል።

ከፎንዱ ጋር የሚጠጣው ነጭ ወይን ወይም ሻይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የዙሪክ ሐኪሞች ሃያ ጤነኛ ፈቃደኞችን ፎንዱ አብልተው ከወይንና ከሻይ ጋር ሲያወዳድሩ፣ ወይኑ የጨጓራውን ሥራ ያዘገየው እንጂ የሆድ ሕመም አላባባሰም፤ ሻይ የጠጣ ሰውም የቀረበት ነገር አልነበረም። ወይን የማይጠጣ እንግዳ ያለው ባለቤት ሻዩን ያለ ሐሳብ ያቅርብ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው እትም በወይኑ ፈንታ ወተት ይግባ የሚለውን በፖም ጭማቂና በሎሚ፣ ወይም በውሃና በሎሚ፣ እንዲተካልንና ስለ ስፒሪት ምድጃው አሞላል አንድ መስመር እንዲጨምርልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከፍሪቡር፣ ስዊዘርላንድ