እምዬ፣ ደብተሩ ከሳጥኑ አይውጣ

እምዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። (ይህን የምታነብላት የአክስቴ ልጅ፣ አንዲት መስመር እንዳትዘል። ስለ ወንድሜ የጻፍኩትንም ጭምር።)

ወንድሜ ሰሞኑን ሲደውል ደላላው ቤታችን ድረስ መጥቶ ቡና እንደጠጣ ነገረኝ። ማሳውን ብቻ ሳይሆን ከወንዙ በላይ ያለውን መስክም ጎረቤቱ ተስማምቶ ሊሸጠው ነው አለኝ። «ከተማው መምጣቱ ላይቀር፣ ከመንግሥት ካሣ የደላላው ጥሬ ብር ይሻላል» ይላል። አልፈርድበትም። ሦስት ልጅ ይዞ በሁለት ቃዳ መሬት መኖር ቀላል አይደለም።

ግን እስካሁን ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የኔ ቤት የቆመው ቄጤማ መስክ ላይ ነው። በማኅበር ተደራጅተን ቦታው ሲሰጠን ጨፍሬያለሁ። የማን እንደነበር አልጠየቅሁም። ያወቅሁት ባለፈው ቀዳም ሥዑር ነው። ቄጤማ ልገዛ ወጣሁ። ሻጯ ያንቺ እኩያ ናት፤ መሬት ቁጭ ብላ በገመድ ታስራለች። እስሩ ቀጭን ነው፣ ጫፉም ደርቋል። «ምነው እናቴ፣ ቢጫ ሆነሳ?» አልኳት። «ከሩቅ ነዋ የማመጣው፣ በእግር ሁለት ሰዓት። ድሮማ እዚህ ነበር የማጭደው» ብላ በአገጯ አሳየችኝ። ያሳየችኝ የኔን በር ነው። ሳልከራከር የጠራችውን ከፍዬ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ነሐሴ ላይ ውሃ ሳሎኔ ሲገባ ማንንም አልራገምም። መስክ እኮ ትርፍ መሬት አይደለም። የክረምቱን ውሃ ይጠጣል፣ በጋ ላይ ቀስ እያለ ለምንጩ ይለቃል። ጥር ላይ ዳገቱ ሁሉ ሲነጣ ላሞቻችን ለምን እዚያ ይውሉ እንደነበር አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። እኛ ድንጋይና አሸዋ ደፋንበት። ውሃው እንደ ድሮው ይመጣል፤ የሚያድረው ግን ምንጣፌ ላይ ነው።

አሁን ስለ ሕጉ። መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይከለክላል። ደላላው የሚያስፈርምሽ ወረቀት ፍርድ ቤት ቢደርስ አይቆምም። በሌሊት የጨረቃ ቤት ይሠሩበታል፣ አንድ ቀን ይፈርሳል፣ ጣጣው ላንቺ ይቀራል። መስኩ ደግሞ የወል ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ሊፈርምበት አይችልም። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ማሳሽን ከወሰደው በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 አለልሽ። ምትክ መሬት ከሌለ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ትልቁ የዓመት ገቢሽ በ15 ተባዝቶ ይከፈልሻል። ይበቃል አልልም። አንቺና አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ89ኙ ድልድል ያገኛችሁትን ማሳ ከዚያ በላይ አርሳችሁታል።

ለንደን የሚሉት የፈረንጅ ከተማ ዙሪያውን መቀነት ታጥቋል አሉ። አረንጓዴ መቀነት ነው የሚሉት፤ እርሻና ጫካ ነው፣ ቤት እንደልብ አይሠራበትም። ሕግ ያወጡለት በነሱ አቆጣጠር በ1938 ነው። እዚያም ቤት ውድ ስለሆነ «መቀነቱ ይላላ» የሚል አይጠፋም። እውነት አላቸው፣ ቤት የሌለው ሰው የት ይግባ? እኔም ስንት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። የሚያናድደኝ ከተማው መሃል ታጥሮ ቆርቆሮው የዛገ ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ የናንተ ጤፍ መነካቱ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስለ መስኩ ስብሰባ አለ ብሎኛል ወንድሜ። ሂጂ። ከኋላ አትቀመጪ። «ሴት ምን ታወራለች» የሚል ካለ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ ያንቺም ፎቶ ከአባዬ ጎን እንደተለጠፈ ንገሪው። ወንድሜ ይቆጣ ይሆናል፤ ከሱ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ለልጆቹ ትምህርት የጎደለውን እኔ አግዛለሁ፤ ይህንንም ንገሪው።

ለመስቀል እመጣለሁ። እስከዚያ ደብተሩን ለደላላው አታሳዪው። «በስልክ ፎቶ ብቻ ላንሳው» ቢልሽም እንዳትሰሚው።

ልጅሽ